በቀኝ ያቁመን

እህቴ ሚስጥር ትባላለች፤ ዶክተር ናት፣ መርፌ የማትወጋ፣ ኪኒን የማታዝ ዶክተር። ሰው ሲጠይቀኝ እንዲህ ብዬ ስለማስረዳ ትቆጣለች። የጤና ተመራማሪ ናት፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ የሚባለው ግቢ ታስተምራለች። እኔ ወንድሟ አላምረው ደግሞ ከግቢው በር ትንሽ ዝቅ ብላ ባለች ጠባብ ሱቅ ስልክ እጠግናለሁ። እሷ ስልክ ሰውን ይጎዳል ወይ ብላ ታጠናለች፣ እኔ የተጎዳ ስልክ አድናለሁ። ከሁለታችን ሐኪሙ ማን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

አባታችን መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ የድጓ መምህር ናቸው። ድጓ የዓመቱ የቤተ ክርስቲያን ዜማ የተሰበሰበበት ትልቅ መጽሐፍ ነው። የዜማው ምልክት ከፊደሉ ራስ ላይ ተጽፏል፤ ነገር ግን ምልክቱን በማየት ብቻ የዘለቀው ሰው የለም። ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ መውረድ አለበት። አባቴ ደግሞ ከመምህራቸው የተቀበሉት፣ በሌላ ቤት የማይገኝ አካሄድ አላቸው። ያንን እስከ ጫፉ ለመቀበል ትዕግሥት ያለው ተማሪ አንድ ብቻ ቀርቷቸው ነበር። እሱም ጎንደር አልነበረም።

ባምላክ ይባላል። ቤቱ መካነ ብርሃን ነው፤ ጃናሞራ፣ ከደባርቅ ወዲያ። ጎንደር መጥቶ ከአባቴ እግር ሥር ሊቀመጥ ተነሥቶ ሳለ እናቱ አልጋ ላይ ዋሉ፣ መንገዱም ተዘጋጋ፤ ቀረ። ድምፁን እንጂ መልኩን አባቴ አይተውት አያውቁም። በስልክ እንዲያስተምሩት የመከርኳቸው እኔ ነኝ። መጀመሪያ «ድጓን በዚች ቆርቆሮ?» ብለው ሣቁብኝ። ደህናውን ስልክ መርጬ ሰጠኋቸው፤ እንዴት እንደሚነሣና እንደሚዘጋ አሳየኋቸው፤ ትንሽ ቆይተው እኔን ራሴን ከቤት ያስወጡኝ ጀመር፣ ትረብሻለህ እያሉ። ኢንተርኔት በጠፋባቸው ወራት እንኳ የድምፅ ጥሪ ይሠራ ስለነበር ከምሳ በኋላ ያለው ጊዜ ሁሉ የባምላክ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ፎቶ አነሣኋቸው። ከግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ሥር ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ በመቋሚያቸው መሬቱን እየመቱ ዜማውን ሲመሩ። አሳድጌ አሳተምኩትና ሱቄ ውስጥ ከመቀመጫዬ በላይ ሰቀልኩት። ደንበኛ ሁሉ ያደንቀው ነበር። እኔም «መሪጌታ ያመኑት ባለሙያ» እያልኩ እፎክር ነበር፤ እውነት ለመናገር እንደዚያ ፎቶ ያኮራኝ ነገር የለም።

ከዚያ ቀኝ ጆሯቸው መክበድ ጀመረ። እማየ ኩክ ነው አለች፤ ዘይት አሙቃ ጨመረችበት። እያደር ግን በቀኛቸው ቆሞ የሚናገራቸውን ሰው ጨርሶ የማይሰሙ ሆኑ። ሆስፒታል ወስደን በኤምአርአይ ታዩ። የመስማት ነርቩ ላይ ትንሽ ዕጢ በቅሏል ተባልን። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፤ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዓይነት ነው፣ የሚገድል አይደለም፣ እየተከታተልን እናየዋለን አለን። ቀኝ ጆሯቸው ግን አይመለስም። ምን አመጣው ስንለው፣ «አይታወቅም» አለ። እንደዚያ ያለ መልስ ይዞ ወደ ቤት መመለስ ከበሽታው እኩል ያማል።

ሚስጥር ጥናቷን የጀመረችው ከዚያ ቀደም ብላ ነው። በመንገዱ ምክንያት ብዙ የቤተ ክርስቲያን መምህራን እንደ አባቴ ለሰዓታት በስልክ ማስተማር ጀምረው ስለነበር፣ ስልክን ጆሮ ላይ አጣብቆ መዋል መስማትን ያደክም እንደሆነ ለማየት ፈለገች። የጎንደርንና የጃናሞራን ካህናት ስልክ እምብዛም ከማያወሩ ገበሬዎች ጋር አነጻጸረች። የእያንዳንዱ ሰው ሁለት ጆሮ በመሣሪያ ለየብቻ ተለካ። ተማሪዎቿ ደግሞ መቅረጫ ይዘው እየዞሩ፣ በቀን ምን ያህል ያወራሉ፣ በየትኛው በኩል ይይዛሉ እያሉ ጠየቁ። አባቴም ከሚጠየቁት አንዱ ነበሩ። እሷ ግን አልጠየቀቻቸውም፤ የአባቴን መልስ እኔ ከተቀበልኩ ሚዛኑ ያጋድላል ብላ ለሌላ ሰጠች። እንዲህ ያለች ጥንቁቅ ናት።

ውጤቱን ቤት መጥታ የነገረችን አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። የካህናቱ ቀኝ ጆሮ ከግራው ይልቅ ደክሟል አለች። ስልክ የሚይዙትም በቀኝ ነው ብለዋል፤ ሁሉም ማለት ይቻላል። ገበሬዎቹ ዘንድ ግን ይህ የለም። ወዲያው ደግሞ የመጀመሪያ ደረጃ ውጤት ነው፣ ገና ነው፣ ስለ መስማት እንጂ ስለ ዕጢ የሚናገረው ነገር የለም ብላ አስጠነቀቀች። ግን ከእኛ ቤት ያንን ማስጠንቀቂያ ማን ይስማው? እኔ ራሴ ጆሮዬ ላይ የቀረው «ቀኝ» የሚለው ቃል ብቻ ነው።

አባቴ ቀኝ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «ቀኝ ነው ያልሽኝ?» አሏት።

«አዎ አባየ» አለች።

ሌላ ነገር አልጠየቁም። ስልኩን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። ስትሰጠኝ አመስግኜህ ነበር፣ አሁንም አልቆጣህም አሉኝ፤ ያ አልቆጣህም ማለታቸው ነው የቆረጠኝ። ቀጥለው የባምላክን ነገር አነሡ። የእሱ ጆሮ ገና ለጋ ነው፤ እኔ ዜማ አስተምራለሁ ብዬ በሽታ በጆሮው አልዘራም አሉ። ከጆሮ አርቃችሁ በድምፅ ማጉያ አውሩ ብላቸውም፣ ዜማው ይበላሻል ብለው አልተቀበሉኝም። የተረፈውን የሚጨርሱት በአካል ሲገናኙ ነው፤ እስከዚያ በቃ። የእሳቸው ግራ ጆሮ እስከዚያ ቢቆይ ነው እንግዲህ። ዕጢው ምን እንደሚያደርግ፣ ዕድሜ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ የለም። ያም ጆሮ ከሄደ የመምህራቸው አካሄድ አብሮ እንደሚቀበር ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ እሳቸውም ያውቁ ነበር፣ አውቀውም ወሰኑ።

እማየ ምንም አልተናገረችኝም። ሳህን እያነሣች ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ፣ «ሸጋ ነገር ይዞ የመጣ መስሎኝ ነበር» አለች ብቻ። ሱቄ ተመለስኩና ፎቶውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ ሰቀልኩት። አውርጄ እንዳልጥለው አባቴ ናቸው፤ እንዳላየው ደግሞ እኔ ነኝ የገደልኳቸው።

አባቴ አንድም ጊዜ በስልክ እንዳይነገረው ስላሉ፣ ለባምላክ ወደ ደባርቅ በሚወጣ አንድ ቄስ በኩል መልእክት ተላከለት። አባቴ ምክንያቱን ዘርዝረው፣ ሕመሙን፣ ለጆሮው መሥጋታቸውን፣ መንገድ ሲከፈት እንደሚጠብቁት ሁሉ ነግረዋቸው ነበር። ቄሱ ለሌላ ሰው ነገሩ፣ ያም ለሌላ። መካነ ብርሃን ሲደርስ ከመልእክቱ የተረፈው «የኔታ ከእንግዲህ አትደውል ብለዋል» የሚለው ብቻ እንደነበር ያወቅነው በኋላ ነው።

ቤታችን ጸጥ አለ። ተወልጄ ያደግሁት ዜማ በማይቋረጥበት ቤት ነው፤ ሕፃን ሆኜ እንቅልፍ የሚከለክለኝ ጸጥታ ነበር። አሁን አባቴ ከምሳ በኋላ እዚያው ቀን መቁጠሪያ ሥር ይቀመጣሉ፤ መቋሚያው መሬት ይመታል፣ አፋቸው ግን አይከፈትም። አይቼ እንዳላየ እወጣለሁ።

ሥራዬንም መጥላት ጀመርኩ። ጠዋት ሱቅ ስከፍት የተደረደሩት ስልኮች የሚያፈጡብኝ ይመስለኝ ነበር። ሚስጥርን እኔንስ ይህ ስልክ ቀስ በቀስ እየገደለኝ ይሆን ብዬ ጠየቅኋት። ተቀምጣ አስረዳችኝ። የስልክ ሞገድ እንደ ኤክስሬይ ጨረር አይደለም፣ የሰውነትን ሕዋስ የመስበር ጉልበት የለውም አለች። ሲበዛ ያሞቃል። ከዚያ ያለፈ ጉዳት ያመጣል ወይ የሚለውን ግን ዓለም ለዓመታት ሲያጠናው ኖሯል፤ ዕጢ ያመጣል የሚል ቁርጥ ያለ ማስረጃ እስካሁን አልተገኘም፣ ጥያቄውም ተዘግቷል አይባልም። ታዲያ ያንቺ ጥናትስ አልኳት። «የኔ ያስፈራኛል» አለችኝ። ከእሷ አፍ ሰምቼው የማላውቀው ቃል ነው።

ውጤቱን በግቢው አዳራሽ በመምህራንና በሀገረ ስብከት ሰዎች ፊት የምታቀርብበት ቀን ተቆረጠ። ዋዜማው ላይ ከሰዓት በኋላ ሱቄ መጣች። አዳራሹ ቁጥር ብቻ ሲሰማ እንዳይሰለች የካህናቱን ድምፅ በመሃል ማሰማት ፈልጋለች፤ ከመቅረጫው ወደ ኮምፒውተር አዛውርልኝ አለችኝ። እስከዚያን ቀን ድምፁን ሰምታው አታውቅም። ተማሪዎቹ ቀኝ ያለውን ቀኝ፣ ግራ ያለውን ግራ ብለው ምልክት አድርገው አስረክበዋት ነበር፤ እሷ የምታውቀው ምልክቱን ነው። የሱቁን ድምፅ ማጉያ ከፍቼ አጫወትኩላት።

ጠያቂው መዝሙር የሚባል ተማሪዋ ነው፤ ፈጣን ምላስ ያለው የከተማ ልጅ። ስንት ዓመትዎ ነው፣ በቀን ምን ያህል ያወራሉ እያለ ይሮጣል። ከዚያ፣ «አባ፣ ስልክ ሲያወሩ በቀኝ ነው በግራ?»

አንድ ሽማግሌ ቄስ ረጋ ብለው መለሱ። «በቀኝ ያቁመን ልጄ።»

«እሺ፣ ቀኝ» አለ መዝሙር፤ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ሄደ።

ሣቅሁ። አለመሣቅ አልቻልኩም። የካህን ልጆች ነን፤ ካህን ፊት ቀኝና ግራ ብሎ መናገር ምን እንደሚያስከትል ከወተት ጥርሳችን ጀምሮ እናውቃለን። በመጨረሻው ቀን ጻድቃን በቀኝ፣ ኃጥአን በግራ ይቆማሉ። ስለዚህ ካህን ቀኝና ግራ ሲባል ከሰማ እጁን ወይም ጆሮውን አያስብም፤ ያችን ቀን ነው የሚያስበው። በቀኝ ያቁመን ይላል፤ ሌላ ሰው ሲያስነጥስ ይማርህ እንደሚባለው ሳያስበው ይወጣዋል። እማየ እንኳ ጠዋት ከቤት ስትወጣ ቀኝ አውለኝ ሳትል ደጁን አታልፍም። ልጁ መዝሙር ይህን ከየት ይወቀው ብዬ እየሣቅሁ ዞር ስል ሚስጥር አልሣቀችም።

«የሚቀጥለውን ክፈተው» አለችኝ።

የሚቀጥሉት ካህን «ከግራው ይሰውረን፣ በቀኝ ያቁመን» አሉ። መዝሙር እሺ፣ ቀኝ አለ። ሌላው «ምን ጥርጥር አለው፣ በቀኙ ነው እንጂ» አሉ። እሺ፣ ቀኝ። አንድ የጃናሞራ መምህር ጥያቄውን ሲሰሙ አሜን ብለው ጀመሩ። ሌላ ጠያቂ ሴት ልጅ ነበረች፤ እሷም እሺ አባ፣ ቀኝ ብላ አለፈች። የአንዱን ገበሬ ድምፅ ስንከፍት ደግሞ «በዚች» አለ ሰውየው፤ እጁን እያሳየ መሆኑ ያስታውቃል፤ መዝሙርም ግራ ብሎ መዘገበ። ሚስጥር ጣቷን እያወዛወዘች ክፈት፣ ክፈት ትለኛለች። ደንበኛ መጣ፤ ነገ ና ብዬ መለስኩት።

ከዚያ የማውቀው ድምፅ መጣ።

«በቀኝ ያቁመን» አሉ አባቴ ከድምፅ ማጉያው ውስጥ። «አንተንም በቀኝ ያቁምህ ልጄ፤ ትምህርትህን ይግለጥልህ።»

«እሺ፣ ቀኝ» አለ መዝሙር።

ሚስጥር ተነሥታ ቆመች። መልሳ ተቀመጠች። ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አደረገች። ደንግጬ ውሃ ሰጠኋት፤ አልጠጣችውም።

«ሁሉም ጸልየዋል» አለችኝ። «አንዳቸውም አልመለሱም። ጸሎታቸውን ነው የቆጠርኩት።»

ልጁን ልወቅስ ስጀምር አስቆመችኝ። ጥያቄውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ እሱ የተሰጠውን ጠየቀ አለች። ካህናቱ ስልካቸውን በየትኛው በኩል እንደሚይዙ እንደማታውቅ አሁን ገባት። የቀኝ ጆሯቸው መድከም በመሣሪያ የተለካ ስለሆነ እውነት ነው፤ ምናልባት ከማሕሌቱ አጠገብ የሚቆመው ድምፅ ማጉያ ይሆናል፣ ምናልባት ከበሮው፣ ምናልባት ሌላ፤ ገና መጠናት አለበት። ከስልክ ጋር ያሰረው ገመድ ግን ተበጥሷል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገረች።

«አባየስ?» አልኳት። «አባየ በየትኛው ነበር የሚይዙት?»

አሰበች። እኔም አሰብኩ። ቀኛቸው ከደነቆረ ወዲህ በግራ እንደሚይዙ አውቃለሁ፤ ቀኙ አይሰማማ። ያ ምንም አያስረዳም አለች። ከዚያ በፊትስ? ልጆቻቸው ነን፣ በየቀኑ አይተናቸዋል፣ ሁለታችንም አናስታውስም። ሰው በየቀኑ የሚያደርገውን አያስተውለውም አለችኝ፤ ሲታመም ደግሞ ያመመውን ጆሮ ብቻ ነው የሚያስታውሰው፤ አባየን ራሳቸውን ብንጠይቃቸውም ያመማቸውን ነው የሚነግሩን።

ያን ጊዜ ከመቀመጫዬ በላይ ያለው የፎቶው ጀርባ ታየኝ።

ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኩት። አቧራውን በእጅጌዬ ጠርጌ ገለበጥኩት። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። መቋሚያው በቀኝ እጃቸው ነው፤ ዜማ ሲመሩ ሌላ እጅ ተጠቅመውበት አያውቁም። ስልኩ በግራ እጃቸው፣ በግራ ጆሯቸው ላይ ነው። በደህናው ጆሮ ላይ። ሚስጥር ፎቶው ተገልብጦ የታተመ እንዳይሆን ፈራች፤ ጠጋ ብላ ከኋላቸው ያለውን የቀን መቁጠሪያ አነበበች። ፊደሉ ቀጥ ብሎ ይነበባል። ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩት በግራ ነው፤ ቀኝ እጃቸው አንድም ቀን ከመቋሚያው ተለይቶ አያውቅም።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ነጻ ወጥቼ የለ። ደስ አላለኝም። እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ወራት ሙሉ አባቴን ገድያለሁ ብዬ ስነድ ማስረጃው ከራሴ በላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ፊቱን ያዞርኩት ደግሞ እኔ። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ በእሷ፣ በመዝሙር፣ በእኔ፣ በማን እንደሆነ ሳላውቅ። ከዚያ አለቀስኩ። እህቴ ስታለቅስ አላየኋትም፤ ቦርሳዋን አንሥታ ቆማ ነበር። «ሳይመሽ ለአባየ እንንገራቸው» አለች። ሱቁን ዘግቼ ፎቶውን በብብቴ ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርን።

የግቢያችን በር ገርበብ ብሎ ነበር። እማየ በሩን የምታስደግፍበት ድንጋይ ቦታው ላይ የለም። ስንገባ አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ከእሳቸው በስተቀኝ፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ አንድ የማናውቀው ወጣት መሬት ላይ ተንበርክኳል። የእማየን ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሟል። አንገቱ በላብ ርሷል፤ የጫማው ጭቃ የጎንደር ጭቃ አይደለም።

እኛ አገር የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን እንዲህ ነው የሚሆነው፤ የተበደለው ይቅር ለእግዚአብሔር ብሎ ድንጋዩን እስኪያወርድለት ድረስ አይነሣም። ልጁ እየለመነ ነበር። ድምፁ ሊያልቅ ደርሷል። የኔታ ይማሩኝ፣ ስለ እመብርሃን ይላል። አባቴም መዝሙረ ዳዊታቸውን ይቀጥላሉ፤ ገጹን ይገልጣሉ። ልጁ በቀኛቸው ነው የተንበረከከው። አልሰሙትም። እሱ ግን ሰምተው ፊት የነሡት መስሎታል፤ ከፊቱ ታየኝ። እንዲያ ያለ ፊት ማየት አልፈልግም ሁለተኛ።

ሚስጥር ሮጣ በግራ በኩል ዞረችና አባቴን ትከሻቸውን ነካች። ቀና አሉ፣ ወደ ጠቆመቻቸው ዘወር አሉ፣ ልጁንና ድንጋዩን አዩ። ዳዊቱ ከእጃቸው ወደቀ። መጽሐፍ ከእጃቸው ሲወድቅ ያን ቀን ነው ያየሁት።

«ይህ ማነው?» አሉ።

«ባምላክ ነኝ የኔታ።»

አልሰሙም። ግራ ጆሯቸውን አዞሩና ደግመህ በል አሉት። ባምላክ ነኝ አለ። ድምፁን ለዩት። እናቱን ለአክስቱ አደራ ብሎ፣ በእግርም በመኪናም እየተቆራረጠ እንደመጣ ነገራቸው። አትደውል ብለዋል ሲሉት ቢያስብ ቢያስብ ጥፋቱ አልታይ አለው።

«ታዲያ ምን በድለኸኝ ነው የተሸከምከው?» አሉት አባቴ።

«አላውቅ የኔታ። የማላውቀውን ይማሩኝ ብየ ነው።»

አባቴ ተነሥተው ድንጋዩን ከማጅራቱ በሁለት እጃቸው አነሡለት። መልሰው ተቀመጡ፤ ድንጋዩን ግን መሬት አላስቀመጡትም፣ ጉልበታቸው ላይ ያዙት። እህቴን ምነው ምን ሆነሻል አሏት፤ ፊቷን አይተው ነው። በግራቸው ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻቸው። ካህናቱ እንዴት እንደመለሱ፣ እሳቸው ራሳቸው ምን እንዳሉ፣ እሷ ምን ብላ እንደቆጠረችው። እኔ ፎቶውን አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። ግራ እጃቸውን አንሥተው ባዶ መዳፋቸውን ግራ ጆሯቸው ላይ አደረጉት፤ ቀኝ እጃቸው በአየር ላይ መቋሚያ እንደያዘ ሆነ። እጃቸው አስታወሰ።

«ታዲያ ቀኜን ምን ወሰደው?» አሏት።

«አናውቅም አባየ።»

«አንቺም አታውቂ?»

«እኔም አላውቅ። የሚያውቅ የለም።»

እኔ ደስታ ጠብቄ ነበር፤ ግራ ጆሯቸው ስልኩ ሲነካው ኖሮ ደህና ነው፣ ባምላክም ደህና ነው፣ ነገ መጀመር ይችላሉ። የሆነው ሌላ ነው። የሚወቅሱት ነገር ነበራቸው፤ ያንን ስንወስድባቸው ባዶ እጃቸውን ቀሩ። «ስልኩ መስሎኝ ይቅር ብየው ነበር» አሉ ቀስ ብለው። ቀጥለው ባምላክን አዩት፤ ማጅራቱ ላይ ድንጋዩ የተወው ቀይ ምልክት አለ። «ስለዚህ ይህን ልጅ ዝም ያልኩት በከንቱ ነው።»

ተነሡ። ድንጋዩን ወደ ላይ ሲያነሡት ሊያስቀምጡት መስሎኝ ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ። ማጅራታቸው ላይ አኖሩት። ከዚያ ጉልበታቸውን አጥፈው በተማሪያቸው ፊት ተንበረከኩ።

መምህር ለተማሪ ሲንበረከክ አይቼ አላውቅም፤ ሰምቼም አላውቅ። ባምላክ በግንባሩ ተደፋ። ሚስጥር ድንጋዩን ልትወስድ ያዘችው። አባየ የኔ ነው፣ ለኔ ስጡኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ትላለች፣ ታለቅሳለች አሁን። አልለቀቁላትም።

«ያንቺን ነገ በአዳራሹ ትሸከሚዋለሽ» አሏት። «ሳትደብቂ፣ ካህናቱ ፊት። ይኸኛው የኔ ነው።»

ከገበያ የተመለሰችው እማየ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ማንም ማንንም አያነሣም። ድንጋዩን የሚያወርደው ቃል ከባምላክ አፍ መውጣት አለበት፤ የሱ አፍ ደግሞ ተሳስሯል። መምህሩን ይቅር ለማለት ማን አስተምሮት? ቀና አለ፣ ሞከረ፣ ድምፅ አልወጣውም። ደግሞ ሞከረ። በሦስተኛው ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እኔ ሰማሁት፣ እማየም በሩ ላይ ሆና ሰማች፣ ይቅር ለእግዚአብሔር የኔታ አለ።

አባቴ እንደተንበረከኩ ይጠብቃሉ። ድንጋዩ አንገታቸውን ወደ ምድር ይገፋዋል። ልጁ ከተደፋበት ቀና ያለው አሁንም በቀኛቸው በኩል ነበር።

«አልሰማሁህም ልጄ» አሉ። «በግራዬ ቁም።»